በጠብታ የሚለካ ባሕር፦ ኮራልን በመስታወት ሳጥን የማኖር ታሪክ

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1840ዎቹ መጨረሻ ለንደን ውስጥ፣ ከዌስትሚንስተር ገዳም አጠገብ ባለ አንድ ቤት፣ አንዲት የቤት ሠራተኛ በየቀኑ እንግዳ ሥራ ትሠራ ነበር። በተከፈተ መስኮት ፊት ቆማ የባሕር ውኃ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ትገለብጣለች፤ መልሳ ታንቆረቁራለች፤ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ላየ ሰው ትኩስ ሻይ የምታበርድ ትመስላለች። እሷ ግን ውኃው አየር እንዲያገኝ እያደረገች ነበር። በውኃው ውስጥ ደግሞ የእመቤቷ ኮራሎች አሉ።

እመቤቲቱ አና ታይን ትባላለች፤ የገዳሙ ከፍተኛ ካህን ሚስት ናት። በ1846 ቶርኪ ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሄዳ ማድሬፖር የሚባሉ ትናንሽ ኮራሎች አገኘች። ዓይኗን ሳቡት። በመርፌና በክር ትልቅ ስፖንጅ ላይ ሰፍታ፣ የባሕር ውኃ በሞላበት ዕቃ ከትታ ወደ ለንደን ይዛቸው መጣች። ቀጥሎም የባሕር አረም ጨመረችበት፤ ኮራሎቹም ለዓመታት ኖሩ፣ ተባዙም። ባሕር በሌለበት ከተማ፣ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ኮራል ማኖር ከተመዘገበባቸው የመጀመሪያዎቹ አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነው።

ዛሬ በብዙ አገር ሳሎኖች ውስጥ በሰማያዊ መብራት የሚያበሩት የኮራል ገንዳዎች የዚህ ታሪክ ልጆች ናቸው። ባለቤቶቻቸው ጠዋት ተነሥተው ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ውኃ ይቀዳሉ፣ ጠብታ ይቆጥራሉ፣ ቀለሙ ሲቀየር ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጽፋሉ። የሀብታም ቅብጠት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ገንዘብ እንደሚበላም እውነት ነው። ነገር ግን በዚህ ብልቃጥ ውስጥ ዛሬ ዓለም ስለ ውቅያኖስ ከሚጨነቅባቸው ጥያቄዎች አንዱ አለ። ታሪኩን ከሥሩ ማየት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ኮራል ምን እንደሆነ ግልጽ ይሁን። ኮራል ድንጋይ አይደለም፤ ድንጋይ የሚሠራ እንስሳ ነው። እያንዳንዷ ፖሊፕ የምትባል ለስላሳ ፍጥረት ከባሕሩ ውኃ ካልሲየምና ካርቦኔት እየሳበች ከሥሯ አጽም ትገነባለች። አጽሙ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ውኃ የፈላበት ማንቆርቆሪያ ሥሩ ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትም በአመዛኙ ይኸው ነው። ማንቆርቆሪያው እሳት ያስፈልገዋል፤ ኮራል ያለ እሳት ይሠራዋል። ሚሊዮን ሚሊዮን ፖሊፖች ለሺህ ዓመታት ሲሠሩት ደግሞ ሪፍ የሚባለው፣ መርከብ የሚሰብረው የባሕር ውስጥ ግንብ ይሆናል።

እንግዲህ አስቡት። በባሕር ውስጥ ይህ ግንበኛ የሚጠቀምበት ጥሬ ዕቃ አያልቅም። በ200 ሊትር ሳጥን ውስጥ ግን ያልቃል።

*

ይህ ነገር ገና ሳይታወቅ፣ አና ታይን ከጀመረች ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ የባሕር ፍጥረታትን ቤት ውስጥ ማኖር ፋሽን ሆነ። የለንደን የእንስሳት ማቆያ በ1853 ለሕዝብ ክፍት የሆነ የዓሣ ቤት ከፈተ። ፊሊፕ ሄንሪ ጎሲ የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1854 «ዘ አኳሪየም» የተሰኘ መጽሐፍ አሳተመ፤ ቃሉም በዚያው በሰው አፍ ገባ።

ጎሲ አንድ ተግባራዊ ችግር ነበረበት። የባሕር ውኃ ከባሕር ዳር ለንደን ድረስ ማጓጓዝ ውድ ነው። ስለዚህ ኬሚስቶች ስለ ባሕር ውኃ ያወጡትን ዝርዝር አየና ራሱ ሊሠራው ተነሣ። አራት ጨዎች መረጠ፦ የገበታ ጨው፣ ኤፕሰም የሚባለው መራራ ጨው፣ ማግኒዚየም ክሎራይድና ፖታሲየም ክሎራይድ። ኖራ ያለባቸውን ግን መጠናቸው ኢምንት ነው ብሎ ከዝርዝሩ አወጣቸው። ለያዛቸው ፍጥረታት ብዙ አልጎዳቸውም፤ የለንደን ውኃ ራሱ ኖራ አዘል ነው። ይሁን እንጂ ኮራልን ለሚያኖር ሰው ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ያ የተሰረዘው መሥመር ነበር። ይህን ለመረዳት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ፋሽኑ ሌላም ጣጣ አመጣ። በጎሲ መጻሕፍት የተነሣሣው ሕዝብ ባልዲና መዶሻ ይዞ ወደ ባሕር ዳር ጎረፈ። የዚያው ሰው ልጅ ኤድመንድ ጎሲ በ1907 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አባቱ የወደዳቸው የድንጋይ ላይ ኩሬዎች እንዴት እንደተራቆቱ በምሬት ጽፏል። ፍቅር ያጠፋው ነገር ነው። ይህ ምሬት ኋላ በኮራል ንግድም ይመለሳል፤ በ1990 ድንጋይ የሚሠሩ ኮራሎች በሙሉ ብርቅዬ እንስሳትና ዕፅዋት የሚነገዱበትን ሁኔታ በሚገዛው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሳይትስ፣ ቁጥጥር ሥር ገብተዋል።

በዚህ መሀል የባሕር ውኃን ምንነት በትክክል የሚነግር ሥራ በሌላ አቅጣጫ እየተሠራ ነበር። ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ከታኅሣሥ 1872 እስከ ግንቦት 1876 ውቅያኖሶችን ዞረች። ያመጣችው ውኃ ግላስጎው ለሚሠራው ኬሚስት ዊልያም ዲትማር ተሰጠ። ዲትማር ከልዩ ልዩ ባሕሮችና ጥልቀቶች የተቀዱ 77 ናሙናዎችን አንድ በአንድ መረመረና ውጤቱን በ1884 አወጣ። ከእሱ በፊት አሌክሳንደር ማርሴት በ1819 የጠረጠረውን ነገር በቁጥር አጸናው፦ ባሕሩ ይበልጥ ጨዋማ ይሁን ያነሰ ጨዋማ፣ በውስጡ ያሉት ዋና ዋና ጨዎች እርስ በርስ ያላቸው ምጥጥን አይለወጥም። ወጡ ይቅጠን ይወፍር እንጂ ቅመሙ አንድ ነው እንደማለት ነው። አንዱን ከለካህ ሌላውን በስሌት ታገኘዋለህ።

አንድ ነገር ብቻ ከሕጉ ትንሽ አፈነገጠ። ካልሲየም። በጥልቁ ውኃ ውስጥ ከላይኛው በጥቂቱ በዝቶ ተገኘ። ምክንያቱ ሕይወት ነው፦ ላይ ያሉት ፍጥረታት ካልሲየም ስበው ቅርፊት ይሠራሉ፤ ሲሞቱ ቅርፊቱ ይሰምጣል፤ ከሥር ይሟሟል። በውቅያኖስ ስፋት ልዩነቱ ከቁጥሩ ጅራት ላይ ብቻ የሚታይ ነው። ውቅያኖሱን አሳንሰህ ሳጥን ውስጥ ብትከተው ግን ያ ትንሽ ልዩነት ዋናው ነገር ይሆናል። የኮራል ገንዳ ኬሚስትሪ በሙሉ በዚህች አንድ ነጥብ ላይ የተተከለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

*

መለኪያዎቹ ከየት መጡ? አስቂኙ ነገር አንዳቸውም ለኮራል ተብለው አልተሠሩም።

የአበርዲኑ ፕሮፌሰር ቶማስ ክላርክ በ1841 የውኃን ክብደት በሳሙና መለካት ጀመረ፤ ኖራ የበዛበት ውኃ ሳሙናን አረፋ እንደሚከለክለው እናቶች ሁሉ ያውቃሉ። ጀርመኖች በበኩላቸው በአንድ ሊትር ውስጥ ያለ 10 ሚሊግራም የካልሲየም ኦክሳይድ ድርሻን አንድ ዲግሪ አሉት። ቦይለር በቅርፊት እንዳይደፈን የሚጠነቀቁ ሰዎች መለኪያ ነበር። ዛሬ የኮራል ወዳጆች «ዛሬ ስንት ነው?» ሲባባሉ የሚጠሩት ቁጥር ይኸው የጀርመን ዲግሪ ነው። ፒኤች የሚባለውን የአሲድነት መለኪያ ሶረንሰን የተባለው ዴንማርካዊ በ1909 ያወጣው በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ነው። ካልሲየምና ማግኒዚየምን በጠብታ የመቁጠሩን ዘዴ ደግሞ በ1940ዎቹ አጋማሽ ዙሪክ ላይ ጌሮልድ ሽቫርትሰንባኽ ፈለሰፈው። ሳሙና፣ ቦይለር፣ ቢራ። ሳሎን ውስጥ ያለችው ትንሽ ብልቃጥ የእነዚህ ሁሉ ወራሽ ናት።

መለኪያው ቢኖርም የሚለካውን የሚያውቅ አልነበረም። ከአና ታይን በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ቤት ውስጥ በደንብ የኖረው ዓሣ ነው። ከሞቃት ባሕር የመጣ ኮራል ሳምንታት ወይም ወራት ቆይቶ ይሞታል፤ ነጭ አጽሙ ለጌጥ ይቀመጣል። የአና ታይን ኮራሎች የተረፉት ከቀዝቃዛ ባሕር ስለመጡና ቀስ ብለው ስለሚያድጉ፣ ከውኃው የሚወስዱት ካልሲየም ጥቂት ስለነበረ ነው። የሐሩር ባሕር ኮራል ግን ሆዳም ነው።

በ1961 ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የጃካርታ ሰው በአንድ የአሜሪካ የዓሣ መጽሔት ላይ ገንዳውን አስተዋወቀ። ማጣሪያ የለውም። ከባሕር በቀጥታ የመጣ፣ በውስጡ ሕይወት ያለበት ድንጋይና ውኃ፣ ትንሽ የአየር አረፋ፣ የፀሐይ ብርሃን። በቃ። ኮራሎቹ ኖሩ። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ሰዎች ተደነቁ፤ ሊደግሙትም ሞከሩ፤ ለብዙዎቹ አልሆነም። ሊ ባሕር ደጁ ላይ ነበር። ውኃው ሲደክም በአዲስ ለመተካት ቅርብ ነው። የበርሊን ወይም የቺካጎ ሰው ይህን ዕድል አላገኘም፤ የጎደለውን በራሱ እጅ መመለስ ነበረበት። የመጨመር ታሪክ እዚህ ይጀምራል።

*

በ1970ዎቹ ፔተር ቪልከንስ የተባለ አኳሪየም አዋቂ ያመጣው መፍትሔ ለማንኛውም ግንበኛ እንግዳ አይደለም። ኖራ ነው። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባለውን ንጹሕ ኖራ በውኃ በጥብጦ፣ ካጠለለ በኋላ ከላይ ያለውን ጥርት ያለ ውኃ ወደ ገንዳው ማንጠባጠብ። የጠገበ የኖራ ውኃ በአንድ ሊትር ውስጥ 800 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ይይዛል፤ የባሕር ውኃ 420 ገደማ ነው። ከገንዳው በትነት የሚጎድለውን ውኃ በዚሁ ከተኩት፣ ኮራሉ የወሰደው ካልሲየም ሳይታወቅ ይመለሳል። ከሁሉም የሚያምረው የሚጨምረው ነገር ልክ ኮራሉ በሚወስደው ምጥጥን መሆኑ ነው፤ ትርፍ አይተውም።

አደጋም አለው። የኖራ ውኃ ፒኤቹ ከ12 በላይ ነው፤ ቆዳ ይልጣል። በአንድ ጊዜ ከተደፋ ገንዳው ውስጥ ነጭ ጉም ይነሣል፤ ካልሲየሙ ኮራሉ ዘንድ ሳይደርስ ራሱ ድንጋይ ሆኖ ይዘንባል፤ ዓሣውም ይቃጠላል። ስለዚህ ሌሊት፣ ጠብታ በጠብታ። ሌላው ገደብ ቀላል ሒሳብ ነው፦ በቀን ከሚተነው ውኃ በላይ መጨመር አይቻልም። ኮራሎቹ ሲያድጉ ኖራው አይደርስባቸውም።

ጀርመኖች ይህን በሁለት መንገድ ፈቱት። አንዱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከዱስልዶርፍ የሕዝብ አኳሪየም የወጣው ነው፦ የሞተ ኮራል ስብርባሪ የሞላበት ቱቦ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል፤ ውኃው አሲድ ይሆናል፤ አሮጌው አጽም ይሟሟል፤ የሟሟው ውኃ ለሕያዋኑ ይፈስላቸዋል። ሙታን ሕያዋንን የሚመግቡበት መሣሪያ። አሲድ የኮራልን አጽም እንደሚበላ ገንዳ ያለው ሰው ከዚህ መሣሪያ በዓይኑ ያየ ነበር፤ የዜና ርዕስ ከመሆኑ በፊት።

ሁለተኛው መንገድ የሃንስ-ቬርነር ባሊንግ ነው፤ 1994። ሁለት ጠርሙስ፦ በአንዱ ካልሲየም ክሎራይድ፣ በሌላው ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ማለትም ኬክ የሚነፋው ቤኪንግ ሶዳ። ለየብቻ በገንዳው ሁለት ጥግ ይጨመራሉ፤ ኮራሉ ካልሲየሙንና ካርቦኔቱን ይወስዳል። ግን ሶዲየሙና ክሎራይዱስ የት ይሄዳሉ? የትም። ተጣምረው የገበታ ጨው ይሆናሉ። ቀን በቀን የገበታ ጨው እየበዛ፣ ሌላው ቅመም በአንጻሩ እያነሰ ይሄዳል። የዲትማር ምጥጥን ይፈርሳል። ባሊንግ ይህን አይቶ ሦስተኛ ጠርሙስ ጨመረ፦ የባሕር ጨው በሙሉ፣ የገበታ ጨው ሲቀር። ሦስቱ ሲደመሩ የተረፈው ጨው እንደገና በባሕሩ ልክ ይሆናል። በ1884 የታተመ ሰንጠረዥ ከመቶ ዓመት በኋላ በአንድ ሳሎን ውስጥ የውኃ ሕግ ሆነ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ብልሃት የሚባል ነገር ካለ ይህ ነው።

ከዚያ ነጋዴው መጣ። ጠርሙሶቹ ያማሩ፣ ስማቸው የረዘመ፣ ዋጋቸው የናረ ሆኑ። ውስጡ ምን እንዳለ የማይነገርባቸውም ብዙ ነበሩ። በ2000ዎቹ ራንዲ ሆልምስ-ፋርሊ የተባለው አሜሪካዊ፣ በሙያው መድኃኒት የሚፈለስፍ ኬሚስት፣ አሠራሩን በግልጽ ጽፎ በነጻ ለቀቀው። ከወጥ ቤት ቤኪንግ ሶዳ፤ ክረምት ላይ በረዶ ለማቅለጥ ደጃፍ ላይ የሚበተነው ካልሲየም ክሎራይድ፤ ከመድኃኒት ቤት ኤፕሰም ጨው። ሚኒሶታ ወይም ዋሽንግተን የሚኖሩ ወገኖቻችን ሦስቱንም ከቤታቸው ሳይርቁ ያገኙታል። ግራሙን፣ ሊትሩን፣ ስንት ሰዓት ምጣድ ላይ መቆየት እንዳለበት ሁሉ አስቀመጠ። ዕውቀት ሚስጥር ሲሆን ዋጋ ያወጣል፤ ሲገለጥ ዋጋው የዱቄቱ ብቻ ይሆናል። ጠርሙሱ ግን ዛሬም ይሸጣል፤ ሰው መመዘን ይሰለቻል።

*

እዚህ ላይ ሒሳቡን አንዴ በእጅ መሥራት ይጠቅማል፤ መለካት ለምን ከመጨመር እንደሚቀድም ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

200 ሊትር ገንዳ እንበል። አልካሊኒቲው፣ ማለትም ውኃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ፣ ሰኞ ጠዋት 8.4 የጀርመን ዲግሪ ነበር። ረቡዕ በዚያው ሰዓት 7.0 ሆነ። በቀን 0.7 ወረደ ማለት ነው። ይህን ለመመለስ በቀን 4.2 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል፤ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። ኮራሎቹ በዚያው ቀን የወሰዱት ካልሲየም አንድ ግራም ያህል ነው፤ የሠሩት ድንጋይ 2.5 ግራም። በዓመት ሲደመር ከ900 ግራም በላይ ድንጋይ ከጥርት ያለ ውኃ ወጣ ማለት ነው።

አሁን ካልሲየሙን ተመልከቱ። በቀን የወረደው ከ420 ላይ 5 ብቻ ነው። የቤት መመርመሪያ በዚህ መጠን ሊሳሳት ይችላል፤ ካልሲየምን ብቻ የሚለካ ሰው ሁሉ ነገር ደኅና ነው ብሎ ይተኛል። አልካሊኒቲ ግን ከ8.4 ወደ 7 ሲወርድ ማንም ያየዋል። ሁለቱ የሚያልቁት አብረው ነው፤ ክምችታቸው ግን እኩል አይደለም። አንዱ ጎተራ ነው፤ ሌላው የኪስ ገንዘብ። ልምድ ያለው ሰው መጀመሪያ ኪሱን የሚዳብሰው ለዚህ ነው። በተመሳሳይ ሰዓት መለካትም ትርጉም አለው፤ ፒኤች ጠዋት ዝቅ፣ ማታ ከፍ ይላል፤ ቀን በኮራሉ ውስጥ ያሉት አልጌዎች ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚበሉት ነው። ጠዋት ለክቶ ከማታ ጋር ያነጻጸረ ሰው የሌለ ችግር ሊያክም ይነሣል።

ያልለኩትን መጨመር የዚህ ዘርፍ የቆየ በሽታ ነው። አዮዲን፣ ስትሮንሺየም፣ ስሙ በማይታወቅ «ጥቃቅን ንጥረ ነገር» የተሞላ ጠርሙስ፣ በሳምንት አንድ ክዳን። ስትሮንሺየም ኮራሉ አጽም ውስጥ የሚገኘው ከካልሲየም ጋር ስለሚመሳሰልና አብሮ ስለሚገባ ነው፤ መግባቱ መፈለጉን አያሳይም። ከ2010ዎቹ ወዲህ ውኃ በትንሽ ቱቦ ተሞልቶ ወደ ቤተ ሙከራ በፖስታ ይላካል፤ እጅግ በጋለ ፕላዝማ የሚሠራ መሣሪያ ንጥረ ነገሮቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ከዛገ የፓምፕ ብሎን የወጣ መዳብ ሳይቀር። ጥሩ ነው። ግን ይኸው ውድ መሣሪያ አልካሊኒቲን አይለካም፤ ንጥረ ነገሩን እንጂ በምን መልክ እንዳለ አያይምና። የጠዋቷ ርካሽ ብልቃጥ ከሥራ አልወጣችም።

*

ቀዝቃዛ አገር ያሉ የኮራል ወዳጆች ቀደም ብለው ያስተዋሉት አንድ ነገር አለ። ክረምት ላይ መስኮት ሲዘጋና እንግዳ ሲበዛ የገንዳው ፒኤች ይወርዳል። ምንም አልጨመሩም፤ ምንም አልቀነሱም። የወረደው ከሰዎቹ ትንፋሽ ነው፤ የክፍሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃው ውስጥ ገብቶ አሲድ ሆነ። መስኮት ሲከፈት ይመለሳል።

ዓለም የተዘጋ ክፍል ብትሆንስ? በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከሚሊዮን 280 እጅ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። የባሕሩ ላይ ፒኤች በአማካይ ከ8.2 ወደ 8.1 ወርዷል። ዜሮ ነጥብ አንድ ትንሽ ይመስላል፤ መለኪያው በአሥር እጥፍ የሚራመድ ስለሆነ ግን አሲድነቱ ከሩብ በላይ ጨምሯል ማለት ነው።

ይህ ኮራልን ምን ያደርጋል የሚለው ከተጠናባቸው ቦታዎች አንዱ ሞናኮ ነው፤ የተጠናበት ፍጥረት ደግሞ የእኛው ቀይ ባሕር ልጅ። በቀይ ባሕርና ሳይንስ መካከል ያለው ትውውቅ አሮጌ ነው። ጀርመናውያኑ ኤረንበርግና ሄምፕሪኽ በ1820ዎቹ እስከ ምጽዋ ወርደው ፍጥረታቱን ሰበሰቡ። ሄምፕሪኽ በ1825 እዚያው ምጽዋ በንዳድ ሞተ። ኤረንበርግ ግን ተመልሶ በ1834 የቀይ ባሕርን ኮራሎች የሚገልጽ ሥራ አሳተመ። ሞናኮ ያሉ ተመራማሪዎች ከቀይ ባሕር የመጣውን ስታይሎፎራ ፒስቲላታ የተባለ ኮራል በገንዳ አባዝተው ለምርምር ያቆያሉ። በ1998 እነ ዣን-ፒየር ጋቱሶ በውኃው ውስጥ ያለውን ካልሲየም ብቻ ከፍና ዝቅ እያደረጉ ለኩ፦ ውኃው በካልሲየም ካርቦኔት የመጥገቡ መጠን ሲወርድ ኮራሉ ድንጋይ የመሥራት አቅሙም ይወርዳል። ገንዳ ያለው ሰው ይህን በጠርሙሱ ያውቀው ነበር። ልዩነቱ፣ አሁን የሚወርደው የአንድ ሳሎን ውኃ አለመሆኑ ነው።

ታዲያ ባሕሩ ላይስ መጨመር አይቻልም? ተሞክሯል። በ2014 እነ ርብቃ ኦልብራይትና ኬን ካልዴራ አውስትራሊያ ውስጥ፣ በታላቁ ባሪየር ሪፍ ደቡባዊ ክፍል ባለችው ዋን ትሪ ደሴት፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የተበጠበጠበትን ውኃ ከቀለም ጋር አድርገው በባሕሩ መጉደል ሰዓት በአንድ የሪፍ ክፍል ላይ አፈሰሱ። ቀለሙ ውኃው የት እንደሄደ ያሳያል። ኬሚስትሪውን ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ወደነበረው ለማስጠጋት ነበር። በ2016 ባወጡት ውጤት ሪፉ ድንጋይ የመሥራት ፍጥነቱ 7 ከመቶ ገደማ ጨመረ። ጉዳቱ የመጪው ዘመን ሥጋት ብቻ ሳይሆን አሁን ያለ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ግን ዘዴውን መድኃኒት አላሉትም፤ ዘላቂው መፍትሔ ወደ አየር የሚለቀቀውን መቀነስ ነው አሉ። ለ200 ሊትር 4.2 ግራም የሚበቃበት ሒሳብ ለውቅያኖስ ሲባዛ ወዴት እንደሚደርስ ለመገመት ኬሚስት መሆን አያስፈልግም። ዛሬ አልካሊ ወደ ባሕር እየጨመሩ ካርቦን እንሸጣለን የሚሉ ኩባንያዎች ብቅ ብለዋል። ገንዳ ያለው ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ እነሱንም መጠየቅ ተገቢ ነው፦ ከመጨመራችሁ በፊት ለክታችኋል? ከጨመራችሁ በኋላስ ማን ይለካል?

ገንዳው ራሱ ግን ሌላ ሥራ አግኝቷል። በ2014 ማያሚ አጠገብ የኮራልን ሥጋ ከአጽሙ የሚገፍፍ በሽታ ታየ፤ በዓመታት ውስጥም መላውን የፍሎሪዳ ሪፍ አዳረሰ። የመንግሥት ተቋማትና የሕዝብ አኳሪየሞች በሽታው ያልደረሰባቸውን ኮራሎች ነቅለው ወደ የብስ አወጡ፤ ባሕር አይተው በማያውቁ የአሜሪካ ከተሞች ሳይቀር በገንዳ አስቀመጧቸው። ከእነዚህ አንዱ እንደ ዓምድ ሽቅብ የሚያድገው ዓምዳማ ኮራል ነው። በ2022 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ መዝግቦታል።

ይህ ኮራል በዓመት ጥቂት ሌሊቶች ብቻ፣ ከጨረቃ ጋር ቆጥሮ፣ ዘሩን ወደ ውኃ ይለቃል። ያንን በገንዳ ውስጥ ማስመሰል ለንደን ባለው የሆርኒማን ሙዚየም የተጀመረ ሥራ ነው፤ ፀሐይዋ፣ ጨረቃዋ፣ የወቅቱ ሙቀት ሁሉ በመብራትና በኮምፒውተር ይቀዳል። የፍሎሪዳ አኳሪየም ባለሙያዎች ከለንደኖቹ ጋር ሆነው በነሐሴ 2019 ዓምዳማውን ኮራል በቤተ ሙከራ ዘር እንዲለቅ አደረጉት። ከዘሩ የወጣችው እጭ ከአቧራ ብናኝ ብዙም አትበልጥም። ጥቂት ቀን ትዋኛለች፤ ከዚያ ቦታ መርጣ ትጣበቃለች፤ ከተጣበቀች በኋላ ከምታደርጋቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ከውኃው ካልሲየም ስባ ከሥሯ ድንጋይ መጣል ነው። በዚያ ጠዋትም አንድ ሰው ብልቃጥ ይዞ ከገንዳው ውኃ ይቀዳል፤ ቀለሙ እስኪቀየር ጠብታ ይቆጥራል።